መርፌዋም እኔም የቸኮልንበት ቀን

ስለ አንዲት መርፌ ልጽፍላችሁ ነው። የልብስ መስፊያ እንዳትመስላችሁ፤ የሐኪምም አይደለችም። አውሮፕላን ውስጥ፣ ከአብራሪው ፊት፣ በክብ መስታወት ተከድና የምትኖር ነጭ መርፌ ናት። ሥራዋ አውሮፕላኑ እየወጣ ወይም እየወረደ መሆኑን መናገር ነው። እኔ የወሎ ሀብሩ ገበሬ ነኝ። ከሷ ጋር ምን አገናኘህ ብትሉኝ፣ ሚስቴ ዘይነባ ናት ያገናኘችኝ።

ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ስለዚህ አጻጻፌ ቢወላገድ ታገሱኝ። «አንተ ተናገር፣ እኛ እንጽፍልህ» ያሉኝ ነበሩ። እምቢ አልኩ። ሰው ሲጽፍልኝ ያሳምረዋል። እኔ እንዲያምር አልፈልግም፤ እንደሆነው እንዲሆን ነው የምፈልገው።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው፣ የሰሜኑ ጦርነት ወደኛ አገር የወረደ ሰሞን። ጎረምሳም ሽማግሌም አልነበርኩም። ከመርሳ ዝቅ ብሎ በመስኖ የሚጠጣ ማሳ ነበረኝ፤ ብርቱካን፣ ሸንኮራ፣ ጥቂት ሽንኩርት። በሰፈሩ «ሰይድ ደረቅ» ነበር የምባለው። እውነታቸውን ነው። የአንድ ሰው ሰላምታ አንድ ቀን ቀዝቀዝ ካለብኝ፣ ይሄ ሰው ከድቶኛል ብዬ እዘጋው ነበር። ለምን እንደቀዘቀዘ አልጠይቅም። በሬዬ አንድ ጧት ሣር እምቢ ካለ፣ ይሄ በሬ አበቃለት ብዬ ሌላ በሬ ማሰብ እጀምራለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ።

የዘይነባ ምጥ በጁምዓ ማግስት ጧት ጀመረ። ከዚያ በፊት ሦስት ልጆች በሰላም ወልዳለችና ማንም አልሰጋም። ሴቶቹ ገቡ፤ እኛ ወንዶቹ ውጭ ዱዓ ይዘን ተቀመጥን። ቀኑ መሸ፣ ነጋ። ሴቶቹ ሲገቡ ሲወጡ ፊታቸውን ከኔ መደበቅ ጀመሩ። በመጨረሻ አንዷ ባልቴት ወጥታ፣ «ሰይድ፣ ይሄ የኛ አቅም አይደለም። ቃሬዛ አዘጋጅ» አለችኝ።

ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት እየተቀባበለ ተሸክሞ መርሳ አደረሳት።

ክሊኒኩ ውስጥ የቀረችው አንዲት ነርስ ብቻ ነበረች። ለተብርሃን ትባላለች። ተወልዳ ያደገችው ወልድያ ነው፤ ወላጆቿ ግን ከትግራይ መጥተው እዚያው ሲነግዱ የኖሩ ናቸው። በዚያ ጊዜ ስሟን ሲሰማ ፊቱን የሚያጠቁር ሰው አይጠፋም ነበር። ሌሎቹ ሠራተኞች መንገዱ ሳይዘጋ ወደ ደሴ ሲሸሹ እሷ ቀርታለች። እንደ መለከት ያለች አጭር የእንጨት ዕቃ አውጥታ የዘይነባ ሆድ ላይ ደገነች፤ ጆሮዋን አስጠግታም ብዙ አዳመጠች።

«ልጁ በሕይወት አለ» አለችኝ። «ግን ተጋድሟል። በኔ እጅ አይወጣም። ኦፕራሲዮን ነው የሚያስፈልጋት።»

«የት?»

«ደሴ።»

ደሴ! ወደ ሰሜን ከሲሪንቃ ማዶ እስከ ወልድያ ተኩስ ነው። ወደ ደቡብ ከውርጌሳ በላይ መንገዱ ተቆርጧል። መርሳ መሐል ላይ እንደ ታሰረ ጥጃ ቆማለች።

«በክንፍ ልሂድ?» አልኳት ተናድጄ።

ቀና ብላ አየችኝ። «አዎ ጋሽ ሰይድ፣ በክንፍ።»

ለካ እውነቷን ነው፤ በጭንቀት ረስቼው ነው። እህል የምታመጣ ትንሽ አውሮፕላን ነበረች። ከከተማው በታች ያለውን ሜዳ ድንጋዩን ለቅመን ያዘጋጀንላት እኛው ነን። ትመጣለች፣ ጆንያዋን ታራግፋለች፣ ወደ ኮምቦልቻ ትመለሳለች። ከኮምቦልቻ ደሴ በመኪና ቅርብ ነው። ያን ዕለት ደግሞ መምጫዋ ነበር። ለተብርሃን የነጭ ጋወኗን ጫፍ ወገቧ ላይ ሻጥ አድርጋ፣ ከቃሬዛው ፊት ፊት እየሮጠች ሜዳው ደረስን።

አብራሪው ቀጭን ነው፣ ዓይኑ ከእንቅልፍ ማጣት የቀላ። ካፒቴን ይርጋ ይሉታል። ነገሩን ሲሰማ «አስገቧት» አለ። ሜዳውን የሚጠብቀው ሃምሳ አለቃ ግን መጣ።

«ሕመምተኛዋና ባሏ ይግቡ» አለ። ከዚያ ወደ ነርሷ ዞሮ፣ «ያንቺ ስም ማነው?» አላት።

«ለተብርሃን።»

«አንቺ ትቀሪያለሽ።»

«ለምን?» አልኩ እኔ።

«ትቀራለች አልኩ!»

ሄጄ ከአውሮፕላኑ ጎማ ፊት ዘርፈጥ ብዬ ተቀመጥኩ። «እንግዲያው አውሮፕላኑ በላዬ ላይ ይሂድ። ሚስቴ ሰማይ ላይ ብትወልድ አንተ ነህ የምታዋልዳት?»

ወታደሮቹ ሳቁ። ሃምሳ አለቃው አልሳቀም። ካፒቴኑ በመስኮቱ ራሱን አወጣና፣ «ሃምሳ አለቃ፣ ስሟን ተወውና እጇን እየው። እዚህ ካለነው ውስጥ ይሄን ሥራ የሚያውቅ ሌላ እጅ ካለ አሳየኝና እሱን ልጫን» አለው።

ሃምሳ አለቃው በጫማው ጫፍ መሬቱን ቆፈር ቆፈር አደረገ። «ኃላፊነቱ ያንተ ነው» ብሎ ፊቱን አዞረ። ለተብርሃን ገባች።

ከኋላ ወንበር የሚባል ነገር አልነበረም፤ ለጆንያ ብለው ነቅለውታል። ዘይነባን ወለሉ ላይ በፍራሽ አስተኛናት፤ ለተብርሃን አጠገቧ ተንበረከከች። እኔን ከአብራሪው ጎን አስቀመጡኝ። ከፊቴ ሌላ መሪ አለ፣ ልክ እንደሱ።

«ጋሼ፣ ቀበቶዎን ይሰሩ። ይህን መሪ እንዳይነኩ። ከእግርዎ ሥር ያለውንም እንዳይረግጡ።»

«ታዲያ ለምን አስቀመጣችሁት?»

«ለሌላ አብራሪ ነው።»

«የታለ?»

«ዛሬስ አንቱ ነዎት» አለና ሳቀ። አነጋገሩ የኛው ነው። የየት ልጅ እንደሆነ ስጠይቀው ሐይቅ ዳር ያደገ ክርስቲያን መሆኑን ነገረኝ። ትንሽ ልቤ መለስ አለ።

አውሮፕላኗ ተንደርድራ ተነሳች። ዞሬ ዘይነባን አያለሁ፣ ደግሞ ወደ ውጭ አያለሁ፣ ደግሞ ወደ ዘይነባ። በኔ በኩል የአምባሰል ተራራ እጄን ብዘረጋ የምነካው ያህል ቀርቧል። ፊቴ ላይ እንደ ሰዓት ያሉ ክብ መስታወቶች ተደርድረዋል፤ አንዱም ሰዓት አይቆጥርም።

«ጋሼ፣ አንድ ሥራ ልስጥዎት?»

«ስጠኝ።»

«ይችን መርፌ ያዩዋታል? አሁን ወደ ላይ ቀና ብላለች፤ እየወጣን ነው። አግድም ስትተኛ አልወጣንም አልወረድንም። ወደ ታች ስታዘቀዝቅ እየወረድን ነው። ዓይንዎን ከሷ እንዳይነቅሉ። ስትነቃነቅ ይንገሩኝ።»

እኔ ሥራ ከተቀበልኩ ቀልድ የለም። መርፌዋ ላይ ዓይኔን ተከልኩ። ቀና ብላ ቆየች፤ ከዚያ ቀስ ብላ አግድም ተኛች። «ተኛች!» አልኩት። «ጎበዝ» አለኝ። ሞተሩ ስለሚጮህ የምንነጋገረው እየጮህን ነው።

ከፊታችን ደመና መጣና ካፒቴኑ ክንፉን ወደ ግራ ጣል አድርጎ ዞረ። ወዲያው መርፌዋ ብድግ!

«ወጣን!»

«አልወጣንም።»

«መርፌዋ ወጣን ትላለች እኮ!»

ዙሩን ጨርሶ ክንፉን ሲያቃና ደግሞ መርፌዋ ወደ ታች ዘጭ አለች። የተራራው ጫፍ በመስኮቴ በኩል አለ።

«ወረድን! ኧረ ወረድን፣ አንተ ሰው!»

«አልወረድንም ጋሼ።»

«እሷ ወረድን ትላለች፣ አንተ አልወረድንም ትላለህ። ማንን ልመን?»

«ስዞር እኔን፣ ተቃንቼ ስቆይ እሷን!»

ከኋላ የዘይነባ ድምፅ መጣ። «ለተ፣ ያ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?»

«አውሮፕላን እየነዳ ነው» አለቻት ለተብርሃን።

«ወይ ጉዴ! በቃ ሞትኩ» አለች ዘይነባ። በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሁለቱ ሴቶች ሲስቁ ሰማሁ፤ ሳቁን ምጡ ቆረጠው።

ካፒቴኑም እየሳቀ አስረዳኝ። እንደገባኝ እነግራችኋለሁ። ድሮ የነበሩት መርፌዎች ዘገምተኞች ናቸው አለ፤ መውረድዎን የሚነግሩዎት ከወረዱ በኋላ ነው። ይችን ሲሠሩ እንዳትዘገይ ብለው ውስጧ ትናንሽ ክብደቶች አኖሩባት። አውሮፕላኑ ገና ነቅነቅ ሲል ክብደቶቹ ቀድመው ይሰሙና መርፌዋን ይገፏታል። ለቀጥታ መንገድ ግሩም ነው።

«ስንዞር ግን» አለ፣ «ሰውነትዎ ወንበሩ ላይ ከበድ አላለዎትም?»

«ብሎኛል። ጆንያ የተሸከምኩ ነው የመሰለኝ።»

«የሷም ክብደቶች እንደዚያው ይከብዳቸዋል። ዙር ስንጀምር ሳንወጣ ወጣን ትላለች። ዙሩን ጨርሰን ስንቃና ይቀልላትና ሳንወርድ ወረድን ትላለች። ትንሽ ቢታገሷት ራሷ ተመልሳ እውነቱን ትናገራለች። እስኪ ያችኛዋን ይዩ፣ ከፍታ የምትቆጥረዋን። ንቅንቅ ብላለች?»

አላለችም። «ውሸታም ናት በለኛ ይችኛዋ» አልኩት።

«ውሸታም እንኳ አይደለችም። ቸኩላ ነው።»

ኮምቦልቻ በተራራ የተከበበች ጎድጓዳ ናት። ስንደርስ ጎድጓዳው አፉ ድረስ ደመና ሞልቶታል፤ እንደ ተፈለቀቀ ጥጥ። ከተማም ማረፊያም አይታይም። ካፒቴኑ በሬዲዮ ተነጋገረ። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ።

«ቀዳዳ እስኪገኝ እላዩ ላይ እንዞራለን» አለኝ።

«ካልተገኘስ?»

«ነዳጁ መርሳ የሚመልሰን እስከሆነ ድረስ እንጠብቃለን። ከዚያ እንመለሳለን።»

«ተመልሰን ምን ልንሆን?»

ምን ይበለኝ? መርሳ ላይ የሚቆርጣት ሐኪም የለም። መመለስ ማለት ዘይነባን ከነልጇ ለመቅበር መመለስ ነው። ይሄን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

መዞር ጀመርን። ተራሮቹ ቦታ ስለማይሰጡ ክንፉን አጥብቆ ነው የሚጥለው። ዙር፣ ጥቂት ቀጥታ፣ ዙር። ዙር ሲጀምር መርፌዋ ብድግ ትላለች፤ እኔ አልጮህም። ሲያቃና ዘጭ ትላለች፤ አልጮህም። ተመልሳ አግድም ስትተኛ ብቻ «አልሐምዱሊላህ» እላለሁ። ቀዳዳ ፍለጋ ወደ ታች እመለከታለሁ። ጥጥ ብቻ።

ስንት ጊዜ እንደዞርን አላውቅም። አንዱ ዙር መሐል ላይ ሳለን ለተብርሃን «ጋሽ ሰይድ!» ብላ ጠራችኝ። ዞርኩ። የእንጨቷ መለከት የዘይነባ ሆድ ላይ ናት፤ የለተብርሃን ፊት ግን አመድ መስሏል።

«የልጁን ልብ አጣሁት!»

«ምን ማለት ነው?»

«አይሰማም!» የዘይነባን እጅ ያዘች፤ ጣቷን አንጓዋ ላይ አሳረፈች፤ አዛወረች፤ እንደገና አዛወረች። «የሷም እየጠፋብኝ ነው። ጋሽ ሰይድ … ሸሃዳ አስይዟት።»

ወልድያ ላይ ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ያደገች ናትና እኛ በዚያ ሰዓት የምናደርገውን ታውቃለች። እኛ ዘንድ ሰው ሲያጣጥር የእምነቱን ቃል ጆሮው ላይ እንልለታለን፤ በቀኝ ጎኑ አድርገንም ፊቱን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ እናዞረዋለን። እኛ አገር ቂብላ በሰሜን በኩል ነው። መሬት ላይ ብሆን ዓይኔን ጨፍኜ አገኘዋለሁ።

ቀበቶዬን ፈታሁ። ካፒቴኑ «ጋሼ፣ ይቀመጡ!» ይላል። ማን ሰምቶት! ስነሳ እግሬ እርሳስ የተሞላ መሰለኝ። በዳዴ ሄጄ ዘይነባ ራስ አጠገብ ተንበረከክሁ። ዓይኗ ተከድኗል፤ ከንፈሯ ደርቋል። «ላኢላሃ ኢለላህ» አልኩ ጆሮዋ ሥር። ምላሷ አልተንቀሳቀሰም።

«ካፒቴን! ቂብላው ወዴት ነው?»

«ምን አሉ?»

«ቂብላ! ሰሜን! ሰሜን ወዴት ነው?»

«በቀኝ በኩል!»

ፍራሹን ከለተብርሃን ጋር ይዘን ዘይነባን ወደ ቀኝ አዞርናት። ሳንጨርስ ካፒቴኑ ጮኸ፤ «አሁን ከኋላ ነው!»

ወደ ኋላ እናዞራት ጀመር።

«አሁን በግራ! ጋሼ፣ እየዞርን እኮ ነው!»

ወገኖቼ፣ ሰው ብዙ ነገር ሊያጣ ይችላል። ቂብላ ያጣ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ሚስቴን በእጄ ይዤ፣ ሰሜን እንደ ዝንብ ዙሪያዬን ይዞረኛል። እኔ ሰይድ ደረቁ አለቀስኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሴት ፊት አለቀስኩ።

«አቅናልኝ!» አልኩት። «ወደ ሰሜን አቅናልኝ! እንዲህ እየተሽከረከረች አትሞትም!»

ካፒቴኑ ነዳጁን አየ፤ ደመናውን አየ። ኋላ እንደነገረኝ የቀረው ትርፍ ነዳጅ ለአንድ ዙር የሚሆን ነበር።

«ለአንድ ዙር የያዝኩትን ቀጥ ብዬ ወደ ሰሜን እበረዋለሁ» አለኝ። «ይበቃዎታል?»

«ይበቃኛል።»

ክንፉን አቃና። ያ ጀርባዬ ላይ የነበረው ጆንያ ወረደልኝ። ልማድ ሆኖብኝ ቀና ብዬ በካፒቴኑ ትከሻ ላይ አሻግሬ መርፌዋን አየሁ። ወደ ታች ዘጭ ብላለች፤ ወረድን እያለች ነው። እኔም ዝም ብዬ አየኋት። ቀስ፣ ቀስ እያለች ተመለሰች። አግድም ተኛች።

ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ራሴ ውስጥ ብልጭ ያለው። ለተብርሃን ያዳመጠችው ዙር መሐል ላይ ነበር። እጇ ከብዶ፣ ራሷ ከብዶ፣ አውሮፕላኑ እያጓራ።

«ለተ፣ አሁን ስሚ» አልኳት።

«ሰምቻለሁ ጋሽ ሰይድ። የለም።» እንባዋ ይወርዳል።

«ያኔ እየዞርን ነበር። አሁን ቀጥ ብለናል። ስሚ!»

«ራስዎን አያስጨንቁ …»

«ስሚ አልኩሽ! ከዚህ በኋላ የለም ካልሽኝ አምንሻለሁ።»

መለከቷን ደገነች። ጆሮዋን አስጠጋች። ትንፋሿን ዋጠች። እኔ ፊቷን ብቻ አያለሁ። መጀመሪያ ግንባሯ ተቋጠረ። መለከቷን ትንሽ ወደ ጎን አንሸራተተች። ከዚያ አፏ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ባዶ እጇን አንስታ በጣቷ አየሩን መምታት ጀመረች፤ ጥ፣ ጥ፣ ጥ፣ ጥ፣ ፈጠን ፈጠን እያለች።

«አለ!» አለች። «አለ! አለ! ደክሟል እንጂ አለ!» የዘይነባን አንጓ ያዘች። «የሷም አለ!»

ዘይነባ ዓይኗን ገለጥ አደረገች። «ከብዶኝ ነበር» አለች። «አሁን ቀለል አለኝ።»

ያን ጊዜ እጄን ዘረጋሁ። ዱዓ አደረግሁ፤ ለሷ፣ ለልጁ፣ ለለተብርሃን፣ ለዚያ አብራሪ፣ ጦርነቱም እንዲቆም። ጮክ ብዬ ነው። ከፊት «አሚን!» የሚል ሰማሁ። ቀና ስል ካፒቴኑ ሁለት እጁን ከመሪው አንስቶ መዳፉን ዘርግቷል! የወሎ ልጅ ዱዓ ሲሰማ እጁ አያስችለውም፣ ክርስቲያንም ቢሆን።

«አንተ! መሪውን ያዝ!»

«ይጨርሱ ጋሼ፣ እሷ ራሷ ትሄዳለች» አለኝ። እውነትም መርፌዋ አልተነቃነቀችም። እኔ ግን ዱዓውን አሳጠርኩት።

ከዚያ ካፒቴኑ ኮምቦልቻን ለመጨረሻ ጊዜ ለማየት ወደ ደቡብ ዞረ። ዙሩን ሲጨርስ፣ «ጋሼ! ይምጡ ይዩ!» አለ። እላዩ ላይ ስንዞር ከላይ የምናየው ጥጥ ብቻ ነበር። ራቅ ብለን ከጎን ስናየው ግን በምሥራቅ በኩል ደመናው ከተራራው ጫፍ ተነስቷል፤ በሥሩ ብርሃን አለ፣ የታረሰ መሬት አለ፣ እንደ ክር የቀጠነ መንገድ አለ። እዚያ እንደዞርን ብንቀር ነዳጁ እስኪያልቅ አናየውም ነበር።

«በዚያ በር እንገባለን» አለ።

መርፌዋ አዘቀዘቀች። ያን ጊዜ እውነቷን ነበር፤ ወረድን።

ኮምቦልቻ ስናርፍ ዘይነባን ወደ መኪና ሲያሻግሯት ካፒቴኑ መጥቶ እጄን ሳመኝ፤ እኔም ትከሻውን ሳምኩት። «አንድ ነገር ልንገርዎት» አለኝ። «መርፌዋን ይጠብቁ ያልኩዎት እጅዎ መሪው ላይ ሊያርፍ ሲል አይቼ ፈርቼ ነው። ሥራ ካገኙ አይነኩም ብዬ ነው።» ከዚያ ቀን በኋላ አላየሁትም። በሕይወት ካለና ይህን ካነበበ፣ ቤቴ መርሳ ነው፣ ብርቱካኑም አለ።

ደሴ ላይ ሐኪሞቹ ወዲያው አስገቧት። እኔ ግቢው ውስጥ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ቁጭ በል ቢሉኝ እምቢ አልኩ። ለተብርሃን የማታውቀው ሆስፒታል ገብታ፣ ከማታውቃቸው ሐኪሞች ጎን ቆማ ቆየች። ስትወጣ ጋወኗ በላብ ርሷል።

«ሴት ናት» አለችኝ። «ትጮኻለች። እናትየዋም አለች።»

ያን ጊዜ ቁጭ አልኩ።

በማግስቱ ዘይነባ ነቃች። ልጅቱን አሳየናት። አየቻት፣ ጣቶቿን ነካካቻት፣ ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«ሰይድ፣ እዚያ ላይ እንዲያ ስታገላብጠኝ ምን እየፈለግህ ነበር?»

መዋሸት አልችልበትም። «ቂብላ» አልኳት።

«አገኘኸው?»

«አላገኘሁትም።»

«እሰይ» አለችና ተመልሳ ተኛች።

ልጅቱን ራህማ አልናት። ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ ለተብርሃንን «እማ ለተ» ነው የምትላት።

እንግዲህ እናንተ የምታነቡኝ፣ ምን ተለወጠ ትሉኝ ይሆናል። ድርቅናዬ አልተለወጠም፤ ቤተሰቡን ጠይቁ። የተለወጠው አንድ ነገር ነው። ሰው ሲዞር አልፈርድበትም። ጎረቤቴ ፊቱ ቢጠቁርብኝ ዙር ላይ ነው እላለሁ፤ የሆነ ነገር ከብዶት ይሆናል፤ እስኪቃና እጠብቀዋለሁ። ሲቃና ፊቱን አይቼ ያን ጊዜ የምለውን እላለሁ። ብዙ ወዳጅ በዚህ ተርፎልኛል።

ኋላም ሌላ ጦርነት መጣብን፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። አገሩ በሙሉ ዙር ላይ ነበር። ሰው ጎረቤቱን በስሙ ብቻ መመዘን ጀመረ። ለተብርሃንን ቤቴ አስጠግቻት ሳለ ስሟን አንስተው ደጃፌ ድረስ የመጡ ነበሩ። በሩ ላይ ቁጭ አልኩ። «ቆዩ» አልኳቸው። «አገሩ እስኪቃና ቆዩና ያን ጊዜ ኑ።» ተሳድበው ሄዱ። ከነሱ አንዱ ኋላ ቆስሎ ብቻውን መጥቶ ይቅርታ ጠይቋታል። እሷም ቁስሉን አጥባ ሸኝታዋለች።

አሁን አርጅተናል። ዘይነባ ይኸው ከጎኔ ተቀምጣለች፤ ይሄን ሁሉ ምን ትሞነጫጭራለህ ትለኛለች። ከሁለታችን ቀዳሚው ማን እንደሆነ አላህ ያውቃል። ባለፈው ሰሞን ታማ ሳለች ጠራችኝና እንዲህ አለችኝ፦

«የኔ ቀን ሲደርስ አትቸኩልብኝ። መጀመሪያ ስሜን ጥራኝ። ዝም ካልኩ ሁለተኛ ጥራኝ። ያን ጊዜም ዝም ካልኩ አዙረኝ።»

እሺ ብያታለሁ። እኔ ግን ሦስተኛም እጠራታለሁ።